“255 ሊትር” ሲባል ስንት ሊትር ነው?
ለቱርቦ መኪና የቤንዚን ፖምፓ አመራረጥ፦ ለነጋዴ፣ ለደላላና ለባለመኪና

በመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ በየጊዜው የሚሰማ ንግግር ነው።

“ጋሼ፣ ይሄ ፖምፓ ስንት ሊትር ይሰጣል?”

“255 ነው ወንድሜ። ሳጥኑ ላይ ተጽፎልሃል።”

“ያኛውስ?”

“እሱ 340 ነው። ትንሽ ጨምርና እሱን ውሰድ፤ ትልቁ ይሻልሃል።”

ገዢው ገንዘቡን ቆጥሮ ይሄዳል። ሻጩም አልዋሸም፤ ያነበበው የተጻፈውን ነው። ሆኖም ከሁለቱ አንዳቸውም ዋናውን ጥያቄ አልጠየቁም። ፖምፓው 255 ሊትር የሚሰጠው በምን ያህል ግፊትና በስንት ቮልት ነው? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የሚከፈል ገንዘብ ለዕቃው ሳይሆን ለቁጥሩ የሚከፈል ነው። ቁጥሩ ብቻውን ደግሞ ሞተር አያድንም።

የዛሬው ትምህርታችን መኪናቸውን ከፋብሪካው መጠን በላይ ጉልበት እንዲሰጥ አድርገው ለመንገድ ስለሚጠቀሙበት ባለ ቱርቦ የቤንዚን መኪና ባለቤቶችና ይህንን ዕቃ ስለሚሸጡላቸው ነጋዴዎች ነው። የዚህ ዕቃ ዋና ገበያ አሜሪካ፣ ጃፓንና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቢሆንም፣ ከዱባይና ከሻርጃ መለዋወጫ የሚያመጣ የእኛ ነጋዴም ያገኘዋል። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በአገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና በጥገናና በመለዋወጫ ዕድሜው እንዲረዝም የሚፈለግ ሀብት ሆኗል። ስለዚህ መለዋወጫን በቁጥሩ ሳይሆን በሥራው መመዘን ለነጋዴውም ለባለንብረቱም ጠቃሚ ነው።

ከወዲሁ አንድ ማሳሰቢያ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። በአገራችን መንገድ የሚታየው አብዛኛው ባለ ቱርቦ ፒክአፕና ላንድክሩዘር የናፍታ ነው። የናፍታ ፖምፓ ሌላ ትምህርት ነው፤ ከዚህ በታች የተጻፈው ለቤንዚን ብቻ ነው።

ትንሹ ዕቃ ትልቁን እንዴት ይገድላል?

ቱርቦ አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አየር በበዛ ቁጥር ቤንዚንም በዚያው ልክ መብዛት አለበት። ቤንዚኑ ቢያንስ ድብልቁ ከሚገባው በላይ ይሞቃል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስቶኑ ይሰነጠቃል ወይም ይቀልጣል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

ተንኮሉ ያለው የደከመ ፖምፓ ድካሙን በቀላሉ የማያሳይ በመሆኑ ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት የሚፈልገው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ገደማ ነው። በከተማ ውስጥ ሲነዳም ፍላጎቱ ትንሽ ነው። ማንኛውም ፖምፓ፣ ፎርጅዱም ጭምር፣ ይህንን ያሟላል። ፈተናው የሚመጣው ነጂው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ቱርቦው ሙሉ ግፊት ሲሰጥ ብቻ ነው። በጋራዥ በር ላይ ተነሥቶ “ጥሩ ይሠራል” የተባለ ፖምፓ ገና አልተፈተነም ማለት ነው።

የፖምፓው ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ሞተር ወርዶ ቴስታታ ሲከፈት ወጪውን የሚሸከመው ባለመኪናው ሲሆን ስሙን የሚያጣው ደግሞ ሻጩ ነው። ስለሆነም ፖምፓ ከመግዛት በፊት ሦስት ስሌቶችን በወረቀት ላይ መሥራት ይገባል። የሚያስፈልገው አራቱ መደብ ሒሳብ ብቻ ነው።

ስሌት አንድ፦ ሞተሩ ስንት ሊትር ይፈልጋል?

ምሳሌ እንውሰድ። ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ኤስ ቲ አይ በ2004 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ ባለ 2.5 ሊትር ሞተሩ 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ባለቤቱ ቱርቦውን ቀይሮ 400 የፈረስ ጉልበት ለማድረስ ፈለገ እንበል።

ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ከ250 እስከ 295 ግራም የሚደርስ ቤንዚን ይፈልጋል ተብሎ ይታሰባል። መካከለኛውን 272 ግራም እንያዝ። 400 በ272 ሲባዛ 109 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 740 ግራም ስለሚመዝን 109 ኪሎው ሲመነዘር 147 ሊትር በሰዓት ማለት ነው።

ፖምፓ እያገለገለ ሲሄድ ይደክማል፣ ፊልትሮም ይቆሽሻል። በመሆኑም 20 በመቶ መጠባበቂያ ይጨመራል። 147 ላይ 20 በመቶ ሲደመር 176 ሊትር ይሆናል። የምሳሌ መኪናችን ፍላጎት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታሰብ። በመጀመሪያ፣ ስሌቱ የሚሠራው ሞተሩ ራሱ በሚያወጣው ጉልበት ነው። በጎማ የተለካ ጉልበት በማርሽና በአክስል የሚጠፋው ተቀንሶ ስለሆነ የጠፋው ሊጨመርበት ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ፖምፓው ያመጣውን ቤንዚን ኢንጀክተሮቹ ማሳለፍ አለባቸው። 147 ሊትር ለአራት ኢንጀክተር ሲካፈል ለእያንዳንዱ በደቂቃ 613 ሲሲ ይደርሰዋል። ኢንጀክተር ደግሞ ከአቅሙ 85 በመቶ በላይ እንዲሠራ ስለማይመከር 720 ሲሲ ገደማ የሆነ ኢንጀክተር ያስፈልጋል ማለት ነው። ትንሽ ኢንጀክተር ላይ ትልቅ ፖምፓ ማሰር በጠባብ በር ብዙ ጭነት ለማስገባት እንደ መሞከር ነው።

ስሌት ሁለት፦ በምን ያህል ግፊት?

ሳጥኑ ላይ የማይጻፈው፣ ቢጻፍም በጥቃቅን ፊደል የሚቀመጠው ነገር ይህ ነው።

የማንኛውም ኤሌክትሪክ ፖምፓ አሰጣጥ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። ውኃ በባልዲ ተሸክሞ ሜዳ ላይ የሚሄድ ሰውና ያንኑ ባልዲ ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው በአንድ ሰዓት እኩል ምልልስ አያደርጉም። ፖምፓም እንደዚሁ ነው።

በቱርቦ መኪና ዳገቱ ሁለት ነው። ኢንጀክተሩ ከመነሻው በ3 ባር ግፊት ይሠራል እንበል። ቱርቦው በበኩሉ 1.4 ባር ሲያፍን ይኸው ግፊት ኢንጀክተሩን ከፊት ለፊት ይገፋዋል። ስለዚህ ሬጉሌተሩ የቤንዚኑን ግፊት በዚያው ልክ ከፍ ያደርገዋል። 3 ሲደመር 1.4፣ 4.4 ባር ማለት ነው። ሞተሩ ከሁሉ የበለጠ ቤንዚን የሚጠይቀው ፖምፓው ከሁሉ የበለጠ ግፊት በተሸከመበት ሰዓት ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና ይህ ችግር የለበትም።

ወደ ገበያው እንመለስ። በአሜሪካ ሚሺጋን በ1950 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዋልብሮ “255” በሚል ስም የሚታወቀውን ፖምፓ በዓለም ገበያ አሰራጭቷል። ኩባንያው በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ቲ.አይ. ግሩፕ ስለተዛወረ ሳጥኑ ላይ “ቲ.አይ. ኦቶሞቲቭ” የሚል ስም ቢታይ አያስደንቅም። ይህ ፖምፓ 255 ሊትር የሚሰጠው ወደ 3 ባር በሚጠጋ ግፊትና በ13.5 ቮልት ነው። በምሳሌያችን 4.4 ባር ላይ ግን አሰጣጡ ወደ 200 ሊትር ይወርዳል። 255 ተብሎ የተገዛው ዕቃ በሥራ ላይ 200 ሆነ ማለት ነው።

በሌላ በኩል የጀርመኑ ቦሽ “044” የሚባለውን ፖምፓ እንይ። አምራቹ የሚሰጠው ቁጥር ከ200 ሊትር ብዙም የሚርቅ አይደለም፤ ነገር ግን የተለካው በ5 ባር ግፊትና በ12 ቮልት ነው። ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ገዢ 255 ከ200 ይበልጣል ብሎ ይፈርዳል። በ5 ባርና በ12 ቮልት ሁለቱም ቢለኩ ግን የበለጠ የሚሰጠው “200” የተባለው ነው። ይኸው የቦሽ ፖምፓ በአንዳንድ ሻጮች ዘንድ “300 ሊትር” እየተባለ የሚጠራውም በዝቅተኛ ግፊት የሚለካውን ስለሚወስዱ ነው። አንዱ ዕቃ እንደ ለኪው ሁለት ስም አገኘ ማለት ነው።

እንዲሁም ዲ ደብሊው 300 የሚባለው የዳችወርክስ ፖምፓና ኤሮሞቲቭ “340” ብሎ የሚሸጠው 340 ሊትር የሚባሉት 40 ፒ ኤስ አይ በሚባለው፣ ማለትም 2.8 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ነው። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። ሆኖም ገዢው 340ውን ሳይሆን በራሱ መኪና ግፊት የሚሰጡትን መጠየቅ አለበት።

መፍትሔው ቀላል ነው። የታወቀ አምራች ሁሉ ግፊትና ሊትርን አብሮ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ወይም መስመር ያወጣል። በሠንጠረዡ ላይ የራስን ግፊት ፈልጎ ከጎኑ ያለውን ሊትር ማንበብ ነው። ሠንጠረዥ የሌለው ፖምፓ ሚዛን ሳይወጣ በዓይን ግምት እንደሚሸጥ ቡና ነው።

ስሌት ሦስት፦ በስንት ቮልት?

ሠንጠረዡ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው በ13.5 ቮልት ነው። ዲናሞው ይህንን ያመነጫል እንበል፤ ፖምፓው ግን ያለው በመኪናው መጨረሻ፣ በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ነው። ኤሌክትሪኩ እዚያ የሚደርሰው በቀጭን ሽቦ፣ በፊውዝ፣ በሪሌና በዛገ መገናኛ ውስጥ አልፎ ነው።

ይህንንም በሒሳብ እንየው። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በሆነ ስድስት ሜትር የመዳብ ሽቦ 12 አምፔር ቢሄድበት 0.9 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል። መገናኛዎቹ ሲጨመሩ ፖምፓው የሚያገኘው 12 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ቮልቱ ከ13.5 ወደ 12 ሲወርድ የፖምፓው አሰጣጥ ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ከፍ ባለበት ጊዜ ደግሞ ቅናሹ ይብሳል።

በምሳሌያችን ላይ ብናስቀምጠው፣ 200 ሊትር የነበረው 15 በመቶ ቢቀንስ 170 ይቀራል። ፍላጎታችን ግን 176 ነበር። “255” ተብሎ የተገዛ ፖምፓ ሳይበላሽና ፎርጅድ ሳይሆን፣ በሽቦው ምክንያት ብቻ ከሚፈለገው በታች ሆነ። መጠባበቂያችን በሽቦው አለቀ ማለት ነው።

ሽቦው በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢተካ በሽቦው የሚጠፋው ከ0.9 ወደ 0.3 ቮልት ይወርዳል። ከባትሪው በቀጥታ በፊውዝና በሪሌ ተስቦ የሚመጣ ወፍራም ሽቦና ጥሩ የመሬት መገናኛ ከሌላ ትልቅ ፖምፓ በጣም ይረክሳል። ብዙ ጊዜ “ፖምፓው አነሰኝ” ብሎ የመጣ ደንበኛ የሚያስፈልገው ሽቦ ነው። ፊውዙ ለባትሪው በጣም ቀርቦ መቀመጥ አለበት፤ ያለ ፊውዝ የተሳበ ሽቦ እሳት ነው።

አንዳንድ መኪና ፖምፓውን በሁለት ወይም በሦስት ፍጥነት የሚያሠራ የራሱ መቆጣጠሪያ አለው። ቶዮታ ሱፕራ ባለ ቱርቦው ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ሞተሩ ብዙ በማይሠራበት ጊዜ ለፖምፓው የሚደርሰው ቮልት ዝቅ ያለ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ብዙ አምፔር የሚስብ ፖምፓ ሲገባ መቆጣጠሪያው ይችለው እንደሆነ አስቀድሞ መጣራት አለበት።

ትልቁ ሁልጊዜ ይሻላል?

“ትልቁን ውሰድ” የሚለው ምክር ለሻጩ ቀላል ነው፤ ለገዢው ግን ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

ፖምፓው ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ያልተጠቀመበት ቤንዚን በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል። መንገድ ላይ በሰዓት 10 ሊትር የሚበላ መኪና በሰዓት 200 ሊትር የሚሰጥ ፖምፓ ካለው 190ው ተመላሽ ነው። ቱቦው ለፋብሪካው ፖምፓ ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ተመላሹን ማሳለፍ ሲያቅተው ግፊቱ ሬጉሌተሩ ከሚፈልገው በላይ ይሆናል። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ወጪው ይጨምራል።

ሁለተኛው ጉዳት ሙቀት ነው። እንዲህ ያለ ፖምፓ ከ100 ዋት በላይ ኤሌክትሪክ ይበላል። ይህ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ሆኖ ቤንዚኑ ውስጥ ይቀራል። ታንኩ ከሩብ በታች በሆነ ጊዜ ያው ጥቂት ቤንዚን እየተመላለሰ ይሞቃል። ፖምፓውን የሚያቀዘቅዘውም ያው ቤንዚን ነው። ለዚህ ነው በቱርቦ መኪና ታንክን አራግፎ መንዳት ቁጠባ የማይሆነው። በተጨማሪም ታንኩ ሲጎድል መታጠፊያ ላይ ቤንዚኑ ወደ ጎን ሸሽቶ ፖምፓው አየር ይስባል፤ በሙሉ ጉልበት ላይ አንድ ሴኮንድ አየር መሳብ ለፒስቶኑ በቂ አደጋ ነው።

እንግዲህ ለመንገድ መኪና ትክክለኛው ፖምፓ በስሌቱ የተገኘውን ሊትር፣ በስሌቱ በተገኘው ግፊት፣ በተለካው ቮልት የሚሰጥና ከዚያ ብዙም የማያልፍ ነው። በታንክ ውስጥ የሚቀመጠው ከታንክ ውጭ ከሚታሰረው ይመረጣል፤ ድምፁ አነስተኛ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ቤንዚኑንም ከሩቅ አይስብም።

ኤታኖል፣ ከፍታና ቆላ

በአዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም 5 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ በኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ እንደነበር የሚታወስ ነው። ኤታኖል ለተመሳሳይ አየር ከቤንዚን የበለጠ መጠን ይጠይቃል። 10 በመቶ ሲቀላቀል ፍላጎቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ ይጨምራል፤ ይህ በመጠባበቂያው ይሸፈናል። በአሜሪካ “ኢ 85” የሚባለውን፣ አብዛኛው ኤታኖል የሆነውን ነዳጅ ለሚጠቀም ግን ፍላጎቱ በአንድ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያድግ የእኛ 176 ሊትር ወደ 240 ይጠጋል። “255” የተባለው ፖምፓ በዚህ ጊዜ ከነአካቴው አይበቃም። ዕቃውም ኤታኖልን እንዲችል ሆኖ የተሠራ ስለመሆኑ ከአምራቹ ጽሑፍ መረጋገጥ አለበት።

ከፍታውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦው በመለኪያው ላይ ያው 1.4 ባር ቢያሳይም አዲስ አበባ ላይ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር አነስ ያለ ነው። ያው መኪና አዋሽን አልፎ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ አየር ያገኛል፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ መጨመር ይኖርበታል። አዲስ አበባ ላይ ተፈትኖ የበቃ ፖምፓ ቆላ ላይ ሊያንስ ይችላል።

በተቃራኒው፣ ኮምፒውተሩ የአየሩን ጠቅላላ ግፊት የሚጠብቅ መኪና ከዱባይ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ሲሠራ ቱርቦው የጎደለውን ለመሙላት አብዝቶ ያፍናል። በዚህ ጊዜ ፖምፓው የሚሸከመው ግፊት ከ4.4 ወደ 4.6 ባር ይወጣል። በተጨማሪም ቤንዚን በከፍታ ላይ ቶሎ ይተናል፤ ፖምፓው በሚስብበት በኩል አረፋ ከተፈጠረ አሰጣጡ ይቀንሳል። ስለዚህ ገዢ መኪናው የት እንደሚነዳ ለሻጩ መናገሩ አላስፈላጊ ወሬ ሳይሆን የስሌቱ አካል ነው።

አዳዲሶቹ መኪናዎች

ባለፉት ዓመታት ከገቡት ባለ ቱርቦ የቤንዚን መኪናዎች ብዙዎቹ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ናቸው። እነዚህ ሁለት ፖምፓ አላቸው። በታንክ ውስጥ ያለው በጥቂት ባር ግፊት ወደ ፊት ይልካል፤ በሞተሩ የሚሽከረከረው ሁለተኛው ደግሞ ከመቶ ባር በላይ ያደርሰዋል። በእንዲህ ዓይነት መኪና የታንኩን ፖምፓ ብቻ በትልቅ መተካት ሁለተኛው የማይችለውን አያስችለውም። ለጥገና ከሆነ የፋብሪካውን ዓይነት መግዛት ይሻላል፤ ጉልበት ለመጨመር ከሆነ ሁለቱም ፖምፓ አብረው መታየት አለባቸው።

ኦርጅናልና ፎርጅድ

የታወቀ ስም ሁሉ ፎርጅድ አለው፤ “255”ም ከሁሉ ይበልጥ ከሚኮረጁት አንዱ ነው። የሳጥኑ ማማር፣ የሆሎግራሙ ማብረቅረቅ ማስረጃ አይደለም። በዋጋው እጅግ ረክሶ የመጣ “ኦርጅናል” መጠርጠር አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መለካት ነው።

ፖምፓ በብዛት የሚያስመጣ ነጋዴ ከአንድ ጥሩ ጋራዥ ጋር ተስማምቶ መለኪያ ቢያዘጋጅ ያተርፋል። የሚያስፈልገው የሚስተካከል ሬጉሌተር፣ የግፊት መለኪያ፣ 13.5 ቮልት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ምንጭ፣ አምፔር መለኪያ፣ የሊትር ዕቃና የእጅ ሰዓት ነው። ግፊቱ 4.4 ባር ላይ ተስተካክሎ ለ30 ሴኮንድ የፈሰሰው ይለካል። 200 ሊትር የሚሰጥ ፖምፓ በ30 ሴኮንድ 1.67 ሊትር ይሞላል፤ የምሳሌ መኪናችን የሚፈልገው ቢያንስ 1.47 ሊትር ነው። ሊትሩም አምፔሩም ከአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል። ሥራው ከቤንዚን ይልቅ ለኢንጀክተር መፈተሻ በተዘጋጀ ፈሳሽ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ እሳት ማጥፊያ በአጠገብ ተቀምጦ መሠራት አለበት።

መኪናው ላይ ከታሰረ በኋላም ፈተና አለው። በዳይኖ ላይ የቱርቦው ግፊትና የቤንዚኑ ግፊት አብረው ይታያሉ። ቱርቦው 1.4 ባር ሲጨምር ቤንዚኑም 1.4 ባር መጨመር አለበት። ቤንዚኑ 1 ባር ጨምሮ ከቆመ ፖምፓው አቅሙ አልቋል፤ ሜካኒኩ በዚያው ቅጽበት እግሩን ማንሳት አለበት። ይህንን ፈተና በከተማ መንገድ ላይ በፍጥነት እየነዱ መሞከር ለሕይወትም ለንብረትም አደገኛ ነው።

ሌላው የሚዘነጋው ትንሹ ቱቦ ነው። በታንክ ውስጥ ፖምፓውን ከክዳኑ ጋር የሚያያይዘው ቱቦ በቤንዚን ውስጥ ተነክሮ እንዲቆይ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ መለያውም “ጄ 30 አር 10” የሚል ነው። ከውጭ በኩል የሚታሰር ተራ የቤንዚን ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይላላል፣ ይሰነጠቃል፤ ፖምፓው የሚሰጠው ተመልሶ ታንኩ ውስጥ ይፈሳል። ደንበኛው ግን “የሸጥክልኝ ፖምፓ ደከመ” ብሎ ይመጣል። ፖምፓን ከቱቦው፣ ከማጣሪያውና ከማሰሪያው ጋር አንድ ላይ የሚሸጥ ነጋዴ ሽያጩንም ይጨምራል፣ ክርክሩንም ይቀንሳል።

ለነጋዴውና ለደላላው

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በሱቅ ባንኮኒ ላይ ሲጠቃለል አምስት ጥያቄ ይሆናል።

1ኛ፣ ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ ይፈለጋል?
2ኛ፣ የቤንዚኑ መነሻ ግፊትና የቱርቦው ግፊት ሲደመሩ ስንት ባር ናቸው?
3ኛ፣ በፖምፓው መሰኪያ ላይ ሞተሩ እየሠራ የተለካው ቮልት ስንት ነው?
4ኛ፣ ነዳጁ ምን ዓይነት ነው፣ መኪናውስ የት ይነዳል?
5ኛ፣ መመለሻ ቱቦውና ሬጉሌተሩ ተመላሹን ይችላሉ?

እነዚህን መልሶ የመጣ ደንበኛ ዕቃውን አውቆ ይገዛል። ሳይመልስ የመጣውን “ለካና ተመለስ” ማለት የዛሬን ሽያጭ ሊያዘገይ ይችላል፤ የነገውን ክርክር ግን ያስቀራል። ሻጩ በደረሰኙ ላይ የፖምፓውን ቁጥር፣ የተሸጠበትን ቀንና “በዚህ ባር፣ በዚህ ቮልት፣ ይህን ያህል ሊትር” የሚል ቃል ቢጽፍ ዋስትናው ለሁለቱም ወገን ግልጽ ይሆናል። “255 ሊትር” ብቻ የሚል ደረሰኝ ግን ሲከራከሩበት ለማንም የማይረዳ ወረቀት ነው።

ጉልበቱ የተጨመረ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላም ይህንኑ ይያዝ። “ሞተሩ 400 ፈረስ ነው” የሚል ሻጭ ሲገጥመው የዳይኖውን ወረቀት፣ የቤንዚኑ ግፊት የተመዘገበበትን መስመርና የፖምፓውን ደረሰኝ ይጠይቅ። ወረቀቱ ካለ መኪናው ለተጠየቀው ዋጋ ማስረጃ አለው። ከሌለ ገዢው የሚከፍለው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ምናልባት ነገ ለሚወርደው ሞተርም ጭምር መሆኑ በዋጋው ውስጥ መታሰብ አለበት።

ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ፖምፓው በአምራቹ ጠረጴዛ ላይ፣ በአምራቹ ቮልት፣ በአምራቹ ግፊት የሰጠው ነው። የገዢው መኪና ግን ሌላ ጠረጴዛ ነው። ሒሳቡ አሥር ደቂቃ፣ ልኬቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።